ስህተቷን የፈለገች ልጅ

ማለዳው እንደ ሌላው ማለዳ ነበር። ውኃ በጊዜ ስለመጣ ባልዲዎቹን ሞላሁ፤ የልጄን የደንብ ልብስ ተኮስኩ፤ ሻይ ጣድኩ፤ ትናንት የተረፈውን ዳቦ ቆርጬ መጥበሻ ላይ አሞቅኩ። ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። የሳሎኑ መስኮት ከጎረቤት ግድግዳ ጋር ስለተፋጠጠ ጠዋት ጠዋት መብራት ካልበራ ዳቦው ከሳህኑ አይለይም። ልጄ ትምህርት ቤት ያደላትን ታብሌት በስኳሩ ዕቃ ላይ አስደግፋ ሻይዋን ታማስላለች። ታብሌቱ ገና ምንም ሳትሠራበት አንድ ፈገግ ያለ ቢጫ ፊት ብቅ ያደርግና «ጎበዝ! ዛሬም መጣሽ!» ይላታል። «የት ልሄድልህ ኖሯል» አለችውና ዳቦዋን ጎረሰች። ወዲያው በሩ ተንኳኳና ጋሼ ገቡ።

ጋሼ የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ናቸው። የሕንፃ ዕቃ መደብራቸው ከልጄ ትምህርት ቤት ስለማይርቅ ጠዋት ጠዋት በመኪናቸው ያደርሷታል። እኛ ቤት ሲገቡ ሻይ የሚጠጡት ሁልጊዜ ቆመው ነው። ቁጭ ካሉ ወሬ ይመጣል፤ ወሬ ከመጣ ደግሞ የወንድማቸው ስም ሳይነሣ አይቀርም፤ እሱ እንዲነሣ እሳቸውም እኔም አንፈልግም። መኝታ ክፍል ገብቼ ጫማዬን ሳጠልቅ ድምፃቸው ተሰማኝ። ሁለቱን ክፍል የሚለያቸው ስስ የጣውላ ግድግዳ ስለሆነ ሹክሹክታም አያስቀርም።

«ዛሬ ከሦስተኛው ክፍለ ጊዜ በኋላ ቢሮ ይጠሩሻል» አሏት። «ይቅርታ ትያለሽ፣ ትፈርሚያለሽ። እኔም አሳዳጊ ነኝና እፈርማለሁ። አለቀ ደቀቀ።»

«ምን አጥፍቼ ነው የምፈርመው?»

«እሱን እዚያው ይነግሩሻል።»

«እነሱም እኮ አያውቁትም ጋሼ።»

«አንቺ ልጅ፣ ጣጣ አታብዢ። ለእናትሽ ደግሞ ትንፍሽ እንዳትዪ። ትጨነቃለች።»

የልጄ ማንኪያ ብርጭቆውን ሲነካ ይሰማኛል። «እማን የሚያስጨንቃት እኮ አለማወቋ ነው» አለች በመጨረሻ። አንዱን ጫማዬን አስሬ ሌላውን በእጄ እንደያዝኩ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጬ ነበር። ወጥቼ ምንድን ነው ነገሩ ማለት ነበረብኝ። የወጣሁት ግን ፊቴን አስተካክዬ ነው፤ እሳቸውም ፊታቸውን አስተካክለው ጠበቁኝ። «ሲሚንቶ ዛሬም ጨመረ» አሉ። «ምን የማይጨምር አለ» አልኩ። ልጄ ሁለታችንንም አየችን፤ ቦርሳዋን አነገተች፤ ወጡ። በደረጃው ሲወርዱ የጋሼ ቁልፍ ሲንቃጨል ሰማሁ፤ የልጄ ድምፅ ግን አልተሰማም። ደረጃ ስትወርድ ዝም ብላ የማታውቅ ልጅ ናት።

የምሠራው ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው፤ አራሚ ነኝ። ክፍላችን ከማተሚያው አዳራሽ በላይ ስለሆነ ማሽኖቹ ሲሠሩ የሻይ ብርጭቆ ጠረጴዛ ላይ ይሄዳል። ከቅርብ ጊዜ ወዲህ ጽሑፉ እኔ ጋ ከመድረሱ በፊት የሚያስተካክል ፕሮግራም ገዝተውልናል። ያስተካክላል፤ ምኑን እንዳስተካከለ ግን አይናገርም። ያን ዕለት ጠዋት ትናንት አርሜ የጨረስኩት የጂኦግራፊ መጽሐፍ ገጽ ሌላ ሆኖ ጠበቀኝ። አንድ ወንዝ ወደ ሰሜን ይፈስ የነበረው ዛሬ ወደ ሰሜን ይፈርሳል። ከጎኔ የሚቀመጠውን የገጽ አቀናባሪ ማን ነካብኝ ብዬ ጠየቅኩት።

«ማንም። ራሱ ነው ያሳመረው።»

«ሌላስ ምን ምን አሳምሯል?»

«እሱን አይናገርማ። ተኳኩላ የወጣች ሴት የቱ ጋ ምን እንደተቀባች ትናገራለች እንዴ?»

«የድሮው እኮ የነካውን በቀይ ያሰምር ነበር።»

«ቀዩን ሰው ፈራው አሉ፤ አነሡት። እንግዲህ እንደኔ ዓይንሽን ጨፍነሽ እመኚ፤ ደመወዙ ያው ነው።» ሳቀና ወደ ሥራው ተመለሰ። ክፉ ሰው አይደለም። ድሮ ፊደል በእጁ ሲለቅም የነበረ፣ አንዲት መስመር ስትዛባ ከወንበሩ የሚነሣ ሰው ነበር። አሁን አንድ ቁልፍ ይጫንና ይጠብቃል፤ ሲጠብቅ ስልኩን ያያል። ገጹን ከመጀመሪያው መስመር ጀምሬ እንደገና ማንበብ ያዝኩ፤ የት የት እንደተነካ ስለማላውቅ ያለው አማራጭ ሁሉንም ማንበብ ነው። ዓይኔ በመስመሩ ላይ ይሄዳል፤ ልቤ ግን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ መቼ እንደሚያልቅ ያሰላል። ገጹ ሳያልቅ አለቃዬን አስፈቅጄ ወጣሁ።

ታክሲው ውስጥ ስለ ልጄ አሰብኩ። አባቷ ያወጣላት የቅጽል ስም «ቡሎን» ነው። ገና ድክ ድክ ስትል ጀምሮ የምታገኘውን ቡሎን ሁሉ ትፈታ ነበር። አንድ ቀን ሬዲዮኑን በታትና መሬት ላይ ስታሰጣው የእኔ ጩኸት ጎረቤት ጠርቶ ነበር። አባቷ ከሥራ ገብቶ ነገሩን ሲያይ ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ አጠገቧ መሬት ላይ ቁጭ አለና «በይ፣ የቱ ከየት እንደወጣ ንገሪኝ» አላት። አሳንሰር ጠጋኝ ነበር። ከሞተ በኋላ ቡሎን መፍታቱን ተወችው፤ ጥያቄውን ግን አልተወችውም። የአባቷ መሥሪያ ቤት የሰጠን ወረቀት «በሥራ ላይ ሳለ በደረሰ ድንገተኛ አደጋ» ይላል። ያን ዓረፍተ ነገር በቃሏ ይዛዋለች። «እማ፣ ድንገተኛ ማለት ምን ማለት ነው? የቆመ ነገር ዝም ብሎ አይንቀሳቀስም እኮ። ምን አንቀሳቀሰው?» ትለኛለች፤ ልብስ ሳጥብ፣ ልንተኛ ስንል፣ ታክሲ ውስጥ። አላውቅም እላታለሁ፤ እውነቴንም ነበር። ሁሉን ነገር የጨረሱት ጋሼ ናቸው። ያኔ ጠይቄያቸው «አሁን ይህን ማወቁ ምን ይረባሻል» ብለውኛል፤ እኔም ደግሜ አልጠየቅኩም። እሷ ግን ደጋግማ ትጠይቅ ነበር። አንዳንዴ ያደክመኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ ያ ጥያቄ በቤታችን ውስጥ እስካለ ድረስ እሱም ጨርሶ አልሄደም የሚል ነገር ይሰማኛል። ይህን ለማንም ተናግሬው አላውቅም።

የርዕሰ መምህሯ ቢሮ በሩ ገርበብ ብሎ ነበር። አንኳኩቼ ገባሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ አቧራ የጠጣ የፕላስቲክ አበባ፣ ከግድግዳው የተገፋ ወንበር፣ ማንም ያልነካው የታሸገ ውኃ። ርዕሰ መምህሯ ከጠረጴዛቸው ኋላ ተቀምጠዋል። ከጎናቸው ወጣቱ የኮምፒውተር መምህር፣ ከእሱ ቀጥሎ ታብሌቶቹን ያቀረበው ኩባንያ ወኪል፤ ሸሚዙ ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ጋሼ በር አጠገብ ተቀምጠው ነበር። ልጄ መሀል ላይ ቆማለች፤ ለእሷ ወንበር የሰጣት የለም።

«አንቺ ደግሞ ምን ልትሠሪ መጣሽ?» አሉ ጋሼ።

«ልጄ ናት፤ ልሰማ መጣሁ።»

ርዕሰ መምህሯ ኮምፒውተራቸውን አዩ። «ይቅርታ የኔ እህት፣ በእኛ መዝገብ አሳዳጊ ተብለው የገቡት እሳቸው ናቸው። የእርስዎ ስም የለም።»

ወደ ጋሼ ዞርኩ። አንገታቸውን ደፉ። «ያን ጊዜ አንቺ ከአልጋም አትነሺም ነበር» አሉ ቀስ ብለው። «መዝገቡ አንድ ስም ብቻ ነው የሚቀበለው አሉኝ። ምን ላድርግ?» ስለዚያ ጊዜ በሰው ፊት መናገር አልፈልግምና አንድ ወንበር ስቤ ተቀመጥኩ። ልጄ እንደ ቆመች ነበር፤ ተነሥቼ ወንበሩን ሰጠኋትና እኔ ቆምኩ። ይህን ማድረጌ ርዕሰ መምህሯን ሳያሳፍራቸው አልቀረም፤ መምህሩ ከሌላ ክፍል ወንበር እንዲያመጣ አዘዙት።

ወኪሉ ጉሮሮውን ጠረገ። «ተማሪዋ የሥርዓቱን የውስጥ ክፍል ከፍታ የመልስ ቁልፉን አይታለች። አይታም ለክፍል ጓደኞቿ አከፋፍላለች። በዚህ የተነሣ የክፍሉ ውጤት በሙሉ ዋጋ አጥቷል።»

«እንዴት ከፈተችው?» አልኩ።

«ቴክኒካል ጉዳይ ስለሆነ እሱ ውስጥ ባንገባ ይሻላል።»

ጋሼ ራሳቸውን ነቀነቁ። ርዕሰ መምህሯም ነቀነቁ። ወንበር ይዞ የተመለሰውን መምህር ተመለከትኩት። «መምህር፣ እስቲ እርስዎ ያስረዱኝ።» መምህሩ ቀላ። «እውነቱን ለመናገር እኛ የሠለጠንነው ከላይ ከላዩን ነው» አለ። «የቱን ቁልፍ ስንጫን ምን እንደሚመጣ ነው ያሳዩን። ከሥር ምን እንዳለ ጠይቀን ነበር፤ አያስፈልጋችሁም አሉን።» ወኪሉ ፈገግ አለ፤ የታብሌቱን ቢጫ ፊት መሰለኝ።

ነገሩን ያስረዳችን ልጄ ናት። የቤት ሥራ ላይ መልሱ ግማሽ የሚሆን ጥያቄ መጣ። አንድ በሁለት ብላ ጻፈች። ቢጫው ፊት «እንደገና ሞክሪ!» አላት። እንደገና ሠራችው፤ ያው ግማሽ ነው። «እንደገና ሞክሪ!» በሌላ መንገድ ሠራችው፤ መምህሩን ጠየቀችው፤ መምህሩም ሠራው፤ ግማሽ መጣ። ማሽኑ ስህተት ነው ካለ ስህተት ነው፣ እኔ ልለውጠው አልችልም አላት። ከዚያ በትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት ያለው ኮምፒውተር ላይ ተቀምጣ ገጹን ከፈተችው፤ የመዳፊቱን ቀኝ ቁልፍ ተጭና «መርምር» የሚለውን መረጠች። የገጹ ሆድ ዕቃ ወጣ። እዚያ ውስጥ መልሱን የሚያመሳክረውን መስመር አገኘችው። ማሽኑ ሒሳብ አይሠራም፤ የጻፈችውን አንድ ቦታ ከተቀመጠ ጽሑፍ ጋር እያስተያየ ነው። የተቀመጠው ዜሮ ነጥብ አምስት ስለሆነ አንድ በሁለትን አያውቀውም። «ለጓደኞቼም ነገርኳቸው» አለች። «ሁሉም እንደኔ ስህተት እየተባሉ ስለነበር ነው። አንዷ አልቅሳለች።»

«ማን ክፈቺ አለሽ?» አሉ ርዕሰ መምህሯ።

«አትክፈቺ ያለኝም የለም።»

«መልሱ እዚያ ውስጥ እንዳለ እያወቅሽ ዝም ብለሽ ገባሽ።»

«መልሱንማ አውቀዋለሁ መምህርት። የፈለግኩት ስህተቴን ነው።»

ርዕሰ መምህሯ ብዕራቸውን አስቀመጡ። በኋላ እንደሰማሁት ቢሮ ከመግባታቸው በፊት ሒሳብ አስተማሪ ነበሩ። «ግማሽ ነው» አሉ ወደ ወኪሉ ዞረው። «አንድ በሁለትም ግማሽ ነው፤ ማን ይክዳል።»

«ልክ ነዎት» አለ ወኪሉ። «ለዚህም ነው በሚቀጥለው እትም ያ ቦታ የሚዘጋው። ተማሪዎች ግራ የሚያጋባ ነገር እንዳያዩ ነው እኛም የምንደክመው።»

«ግማሹስ?» አልኩ። «ግማሹ ይስተካከላል?»

«አስተያየትዎን ለሚመለከተው ክፍል አስተላልፋለሁ።»

ከዚህ በኋላ የሆነው ሁሉ ግድግዳ ላይ ውኃ እንደማፍሰስ ነበር። ሰረቀች ከተባለ የሰረቀችው ምንድን ነው አልኩ፤ የምታውቀውን መልስ ሰው ይሰርቃል? ወኪሉ ደንቡን ጠቀሰ። ደንቡ የት ነው አልኩ፤ ታብሌቱን ስትከፍት «እስማማለሁ» ብላለች አለ። አንብባው ነበር ወይ አልኩ፤ ማንም አያነበውም አለ፤ ይህን ሲል ወንጀሉን የሚያቀል ይመስል ነበር። ርዕሰ መምህሯ ደክሟቸዋል። ውጤታቸው የተሰረዘባቸው ልጆች ወላጆች ስልካቸውን አላሳርፍ ብለዋቸው ነበር፤ አንድ ልጅ ካልተቀጣ ደግሞ ኩባንያው ታብሌቶቹን ይሰበስባል። ትምህርት ቤቱ መጻሕፍት መግዛት ካቆመ ቆይቷል፤ ታብሌቶቹ ከሄዱ ልጆቹ በምን ይማራሉ? ይህን ሲነግሩኝ አላስፈራሩኝም፤ ለመኑኝ ማለት ይቀላል። ከመሳቢያቸው አንድ ወረቀት አውጥተው ወደ ልጄ ገፉት። ካልፈረመች የዓመቱ መጨረሻ ፈተና ላይ አትቀመጥም።

ወረቀቱን ቀድሜ አነሣሁት። ሥራዬ ነው፤ ወረቀት ሲሰጠኝ አነባለሁ። «ካልተፈቀደልኝ ቦታ ላለመክፈት፣ ላለመመርመር፣ ለሌሎችም ላለማሳየት ቃል እገባለሁ» ይላል። መክፈቱ ይሁን፤ ማሳየቱም ይሁን። በመሀል ያለው ቃል ላይ ግን ጣቴን አሳረፍኩ።

«ይህን አንዱን ቃል ብቻ ሰርዙልኝ» አልኩ። «ላለመመርመር የሚለውን። ሌላውን ትፈርማለች።»

ርዕሰ መምህሯ ወረቀቱን ተቀብለው አዩትና መልሰው አስቀመጡት። «ብችል በወደድኩ። ቅጹ ከሥርዓቱ ነው የሚወጣው፤ አይነካም። ስም ብቻ ነው የሚያስገባልን።»

«እኔ በእስክሪፕቶ ብሰርዘውስ?» አለች ልጄ።

«ከዚያ ስካን ሲደረግ ይመልሰዋል» አለ መምህሩ፤ መሬት መሬቱን እያየ።

«ለምን ይመልሰዋል?»

«አላውቅም። ምክንያቱን አይናገርም።»

አትፈርምም አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ሳይወጣ አልቀረም፤ ጋሼ ተነሡ። «እሺ በቃ። ነገር ማርዘም ለማንም አልበጀም» አሉ፤ እስክሪፕቷቸውን ከኮታቸው ኪስ አወጡና «አሳዳጊ» በሚለው መስመር ላይ ፈረሙ። ከዚያ እስክሪፕቶውን ለልጄ ዘረጉላት። ልጄ ተቀብላ አላነበበችም። ወደ እኔ አየች፤ ምን እንድላት እንደፈለገች አሁንም ራሴን እጠይቃለሁ። ልትፈርምም ላትፈርምም የእኔን ስም የሚፈልግ መስመር እዚያ ወረቀት ላይ አልነበረም። ጎንበስ ብላ ስሟን ጻፈች። ርዕሰ መምህሯ «ጎበዝ» አሏት።

ጋሼ ወደ ሥራዬ ሊመልሱኝ መኪናቸው ውስጥ አስገቡኝ። መንገዱ ተጨናንቆ ነበር። የወንበሩ ሽፋን ላስቲክ እስከ አሁን አልተነሣለትም፤ በተንቀሳቀስኩ ቁጥር ይንኮሻኮሻል። ሁለታችንም ፊት ለፊት እያየን ጎማ ጠጋኙን፣ ወፍጮ ቤቱን፣ ፋርማሲውን አለፍን። ጋሼ ቆርቆሮም እንደሚጨምር ነገሩኝ። መኪናው መስቀለኛው መንገድ ላይ ሲቆም እኔው ሳላስበው አፌ ተናገረ።

«ጋሼ፣ ወንድምዎን ምን ገደለው?»

«እንዴ፣ ምን ነካሽ ዛሬ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለውን አይደለም። ምን ገደለው?»

ከኋላችን ያለው መኪና ክላክስ አደረገ። ጋሼ ጥቂት ነድተው አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ አቆሙ፤ ሞተሩን ግን አላጠፉትም። እጃቸው መሪው ላይ ነበር። የነገሩኝ እንዲህ ነው። አሳንሰሮቹ ላይ አዲስ መቆጣጠሪያ ተገጥሞ ነበር። የድሮው ላይ ጠጋኙ ሽቦ በሽቦ ሄዶ የቱ ክፍል ምን ላይ እንዳለ ያይ ነበር፤ አዲሱ ስክሪን ግን «እየሠራ ነው» ወይም «ቆሟል» ብቻ ነው የሚለው። ከዚያ ሥር ያለውን ለማየት ኮድ ያስፈልጋል፤ ኮዱ ያለው ማሽኑን የሸጡት ሰዎች ጋ ነው። ባለቤቴ ደጋግሞ ጠየቀ። የአንተ ሥራ ስክሪኑን ማንበብ ነው አሉት። ሲበዛባቸው ነገረኛ አሉት። ያን ቀን ስክሪኑ «ቆሟል» አለ፤ እሱም ከአሳንሰሩ ሥር ገባ። አልቆመም ነበር።

«ጠይቆ ምን አተረፈ?» አሉ ጋሼ። ድምፃቸው ተሰነጠቀ፤ ሳል አስመሰሉት። «ጥርስ ውስጥ ከመግባት ሌላ ምን አተረፈ? ይቺም ልጅ ቁርጥ እሱን ናት። ዛሬ ስትናገር ስሰማት እሱ የተናገረ ነው የመሰለኝ። አንገቷን ብትደፋ ይሻላል ብዬ ነው፤ እኔን ክፉ አታድርጊኝ።»

«ይህን ሁሉ ጊዜ ስትጠይቀኝ የምመልስላት አጥቼ ነበር።»

«ልጅነት ነው። ይረሳታል።»

ክፉ አላደረግኳቸውም። እሳቸውም ወንድማቸውን ነው ያጡት፤ በእጃቸው የቀረውን ሊጠብቁ የፈለጉት በሚያውቁት መንገድ ነው። ንዴቴ ግን መውጫ አጣ። ማንን ልያዝ? ወኪሉ የታዘዘውን ተናገረ፤ መምህሩ ያልተማረውን አላውቅም አለ፤ ርዕሰ መምህሯ ትምህርት ቤታቸው እንዳይዘጋ ፈሩ፤ ጋሼ ፈረሙ። ሁሉም ደግ ሰዎች ናቸው፤ ሁሉም አንቺ አትጨነቂ ይላሉ። ማተሚያ ቤቱ ደጃፍ ወርጄ ለጋሼ እጄን አነሣሁላቸው። ደረጃውን ስወጣ ግን አንድ ነገር ቆርጬ ነበር፤ ዛሬ ማታ ስትጠይቀኝ እነግራታለሁ። ኮዱንም፣ ስክሪኑንም፣ አባቷ ደጋግሞ መጠየቁንም። በተለይ ይህን የመጨረሻውን። ከሰዓት በኋላውን ሙሉ ያን የጂኦግራፊ መጽሐፍ ፊቴ ዘርግቼ ዓረፍተ ነገሮቹን በሆዴ ስደረድርና ሳርም ዋልኩ፤ በእሷ ዕድሜ ላለች ልጅ የማይከብድ፣ ግን ምንም የማይደብቅ ዓረፍተ ነገር መሥራት ቀላል አይደለም።

ቤት ስገባ ገና አልመሸም ነበር። ልጄ ሳሎን ጠረጴዛው ላይ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ የደንብ ልብሷን አልቀየረችም። ጠረጴዛውን ዞሬ ፊት ለፊቷ ተቀመጥኩ። ጣቷ ስክሪኑ ላይ ይሄዳል፤ ቢጫው ፊት በየመሀሉ ያጨበጭባል። አንድ በሁለት የሚሆነውን ሁሉ ዜሮ ነጥብ አምስት እያለች ታልፋለች፤ ኮከብ ይሰጣታል፤ ቀና አትልም። ሌላ ጊዜ ቢሆን ከመግባቴ ሦስት ነገር አንስታ ሦስቱንም ለምን ብላኝ ነበር።

«ክፍል ስትመለሺ ምን አሉሽ?» አልኳት።

«ምንም። ያቺ አልቅሳ የነበረችው ልጅ ሌላ ስህተት መጣባትና ለምን እንደሆነ ጠየቀችኝ።»

«ምን አልሻት?»

«እንደገና ሞክሪ አልኳት።»

የምትቀልድ መስሎኝ ፊቷን አየሁ። አልቀለደችም፤ አልተከፋችም። እንዲያው ነገሩን ነገረችኝ። ተነሥቼ ሻይ ጣድኩ፤ ጀርባዬን ሰጥቻት ትንሽ ቆየሁ። ቀን ሙሉ የደረደርኩት ዓረፍተ ነገር አፌ ላይ ነበር፤ የሚጀምረው ግን በእሷ ጥያቄ ነው። ሁልጊዜ የምትጠይቀውን ትጠይቀኛለች፣ እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አውቃለሁ እላታለሁ፤ እንዲያ ነበር ያሰብኩት። ብርጭቆዋን አጠገቧ አስቀመጥኩላትና መንገዱን ልጠርግላት ብዬ፣ «ዛሬ ከጋሼ ጋር ስለ አባትሽ አውርተን ነበር» አልኳት።

ጣቷ ቆመ። ጠበቅኩ። ጎረቤት ቴሌቪዥን ከፍቷል፤ አንዲት ሴት የአየር ጠባይ ታነባለች።

«እሺ» አለችና ጣቷ ቀጠለ።

«ልትጠይቂኝ የምትፈልጊው ነገር ካለ...»

«የለም እማ» አለች። ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝ፤ ጋሼ ሻይ ቆመው ሲጠጡ ፈገግ የሚሉትን ዓይነት። «አንቺም አትጨነቂ።»

ሻይዋን ጠጣች፤ የቤት ሥራዋን ጨረሰች፤ ታብሌቱን ቻርጅ ላይ ሰካች። እነግራታለሁ፤ ዛሬ ካልሆነ ነገ እነግራታለሁ፤ እሷም ትሰማኛለች፣ ጨዋ ልጅ ናት። አባቷ እንዴት እንደሞተ አሁን አውቃለሁ። በቤታችን ውስጥ ይህን የሚጠይቅ ሰው ግን የለም።